ማቲልዳ አልቀረበችም

ስሂን ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ እየተነጫነጨች ነው የነዳችው። እናቷ የሻሽወርቅ ከጎኗ ተቀምጣ መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ብቻዋን እንዳትሄድ ብላ ነው የመጣችው፤ ልጇ እንዲህ ስትሆን ምን እንደምታደርግ ታውቃለች።

"ጋሽ ጊዲዮን የጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሥራውንም የሰጡሽ እሳቸው ናቸው። ዛሬ አፍሽን ያዢ" አለቻት።

"ልጅቷን ከሪፖርቱ ቆርጠው ጣሏት እኮ እማዬ!"

ጋሽ ጊዲዮን አሌክሳንድሪያ ውስጥ የቤተሰብ ታሪክ የሚያጠና ቢሮ አላቸው። ደንበኞቻቸው ዘራቸውን እስከ እንግሊዝ አገር መቁጠር የሚፈልጉ አሜሪካኖች ናቸው። ስሂን ዩኒቨርሲቲ ላቲን ስለተማረች በላቲን የተጻፈውን የጥንቱን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት መዝገብ የምታነብላቸው እሷ ነበረች። ባለፈው ዓመት ዊስተርኮት የሚባል ቤተሰብ መጣ። አያቶቻቸው ከሰባት መቶ ዓመት በፊት እንግሊዝ አገር ባለርስት ነበሩ። በቤተሰቡ ወግ ሮጀር የሚባለው ታላቅ ወንድም ልጅ ሳይወልድ ሞተ፤ መሬቱም ለታናሹ ለሂዩ በሰላም አለፈ።

ስሂን መዝገቡን ስታነብ ግን የሮጀርን ልጅ አገኘች። ማቲልዳ ትባላለች። አባቷ ሲሞት ሕፃን ነበረች፤ አጎቷ ሂዩ ሞግዚት ሆነና ገዳም አስገባት። ከዚያ ሸንጎ ቀርቦ መንኩሳለች ብሎ አስመሰከረ። በዚያ አገር ሕግ የመነኮሰ ሰው እንደሞተ ይቆጠራል፤ አይወርስም።

ማቲልዳ አካለ መጠን ስትደርስ ከገዳሙ ወጥታ የንጉሡ ችሎት ፊት ቆመች። "በግድ ነው ያስገባኝ። ቃል አልገባሁም። የአባቴን መሬት ይመልስልኝ" አለች። ሂዩ አልመጣም፤ ታሟል ተባለ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ዘምቷል ተባለ። ቀጥሎ ዳኞቹ መመንኮሷን ጳጳሱ ያረጋግጡልን አሉ፤ የጳጳሱም ቃል ሳይመጣ ከረመ። እሷ ግን በየቀጠሮው ያንን ሁሉ መንገድ እየተጓዘች ትቀርባለች። ስሂን ኮምፒውተሯ ላይ እያንዳንዱን ቀጠሮ ስትከተል ከረመች፤ አንዳንዴ ስክሪኑን ዘግታ ክፍሏ ውስጥ ትንጎራደዳለች። በመጨረሻ ጸሐፊው በዚያው ግድ በማይሰጠው እጁ፣ "ማቲልዳ አልቀረበችም፤ ሂዩ በነፃ ይሂድ" ብሎ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ስሟ የለም።

ጋሽ ጊዲዮን ይህንን ሁሉ ከሪፖርቱ አወጡት።

"ኤዲት አደረግኩት ስሂንዬ" አሏት። "ሰዎቹ የሚፈልጉት የዘር ሐረግና አርማ ነው። ክላየንት ማስቀየም የለብንም።"

"እንግዲያው ስሜን ያውጡልኝ።"

"ያንቺ ስም ከሌለበት ማን ያምነዋል?"

የዛሬው ቅዳሜ ዊስተርኮቶች ከየስቴቱ ተሰባስበው ምሳ የሚበሉበት ቀን ነው። ወንዝ ዳር ያለው ሆቴል አዳራሽ ሞልቷል። ጋሽ ጊዲዮን በጥቁር ሱፍ ልብሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው የዘር ሐረጉን ስክሪኑ ላይ አሳዩ። በዚያ በለሰለሰ እንግሊዝኛቸው "ሮጀር ያለ ልጅ አረፈ" አሉ።

ስሂን ብድግ አለች። "ውሸት ነው!"

የሻሽወርቅ ቀሚሷን ሳበቻት፤ አልተቀመጠችም። ስለ ማቲልዳ ሁሉንም ተናገረች። ስሂን ለክርክር ተዘጋጅታለች፤ ቢጮኹባት፣ ውጪ ቢሏት ምን እንደምትል ሳምንቱን ሙሉ አስባበታለች።

የቤተሰቡ አንጋፋ፣ ፊታቸው የቀላ አንድ ሽማግሌ፣ ሳቃቸውን ለቀቁት። "ሌባ ነበርን በሉኛ!" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ "ሂዩን ቲሸርት ላይ እናሳትመው!" አለ። ሽማግሌው ብርጭቋቸውን አነሱ። "ለሌባው አያታችን!"

ሁሉም ጠጡ።

ስሂን እናቷን አስከትላ ወደ በሩ አመራች። በር ላይ ጋሽ ጊዲዮን ፊታቸው በርቶ ደረሱባት።

"ወደዱት እኮ! መልሺው፤ እንዲያውም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይሁን። 'ክፉው አጎት' ብለን..."

"ትናንት ያስቀይማል ብለህ አጠፋሃት" አለች ስሂን። "ዛሬ ስላሳቀቻቸው ልትመልሳት ነው?"

ጋሽ ጊዲዮን ደነገጡ። "አንተ አልሽኝ?"

"አዎ፣ አንተ! ከዛሬ ጀምሮ ሌላ አንባቢ ፈልግ።"

መኪናው ውስጥ የእናቷን ቁጣ ጠበቀች። ሽማግሌን አንተ ማለት እነሱ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። የሻሽወርቅ ግን ቀበቶዋን ሳታስር ወደ ልጇ ዞረች።

"ሰዎቹ ምን ብለው ነው የጠጡት? እንግሊዝኛቸው ፈጠነብኝ።"

ስሂን ነገረቻት።

"ልጅቷስ? መጨረሻዋ ምን ሆነ?"

"አይታወቅም። ታማ ይሆናል። አስረዋት ይሆናል። መንገድ ላይ ሞታ ይሆናል።"

"እና በዚህ ነው የሳቁት?"

የሻሽወርቅ በሩን ከፍታ ወረደች። ስሂን "እማዬ፣ ተይ!" ብትልም አልሰማቻትም። በመስታወቱ ውስጥ እናቷ ጋሽ ጊዲዮን ፊት ጣቷን ስታወዛውዝ ታየቻት፤ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። ምን እንዳለቻቸው እስከ ዛሬ አልነገረቻትም። ብቻ የሻሽወርቅ ከዚያ እሑድ ጀምሮ አስፐን ሂል ባለ ሌላ ጉባኤ ነው የምታመልከው።

ቢሮው ሪፖርቱ የእኛ ነው የሚል ኢሜይል ላከ። መዝገቡ ግን የማንም አይደለም፤ ላቲን የሚያነብ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ያገኘዋል። ስሂን እንደገና ከመጀመሪያው ተነሥታ በራሷ ስም ጻፈችው፤ አንድ ትንሽ የታሪክ መጽሔትም አወጣላት። ከዊስተርኮቶች አንድም ሰው አልጻፈላትም።

አሁንም ማታ ከአዲሱ ሥራዋ ስትመለስ ማቲልዳን ትፈልጋለች። የምታገኘው ግን ሂዩን ነው፤ እርሻ ሲገዛ፣ ለጎረቤት ሲመሰክር፣ ልጁን ሲድር። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ለአውራጃው ዳኛ ሆኖ እንደተሾመ አነበበች። ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። እናቷ ከሳሎን ሮጣ መጣች።

"ዳኛ አደረጉት እማዬ! ዳኛ!"

የሻሽወርቅ የማታነበውን ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብላ አየችው።

"እሱንም ጻፊው" አለች።