ቀይ ነጥብ ያለበት አይፈተሽም

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ስህተት ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ማሽን በራሱ ጊዜ ሲበላሽ ያየሁት ጥቂት ነው። ባለቤቱ ይከፍተዋል፣ ያገኘውን ይሰካበታል፣ ከዚያ «እኔ እኮ ምንም አልነካሁትም» እያለ ተሸክሞ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ስንቅ ነው የምውለው። የእህቴን ባል ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እንቀው ነበር።

በልቤ «ማስመሪያ» ነው የምለው። በአፌ ግን እህቴን ላለማስቀየም «ጋሼ» እለዋለሁ። የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ነው። ጫማውን ሲያወልቅ የሁለቱን አፍንጫ አስተካክሎ ያስቀምጣል። ቀኑን ሙሉ ያደረገውን ነገር ሁሉ በአንዲት ባለካሬ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ አምፖል የቀየረበት ቀን ሳይቀር ተጽፎ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው ለሱ ይመስለኝ ነበር። ቢሮው ሠራተኛ ሲቀንስ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው፤ አልገረመኝም። ሰባት ወር ቤት ዋለ። በመጨረሻ አንድ ተቋራጭ የትንሽ ክሊኒክ ፕላን ሠርተህ ላክልኝ አለው፤ ከወደደለት በቋሚነት ሊቀጥረው። የመጨረሻው ሰዓት ቅዳሜ ከቀኑ አስራ አንድ ነበር።

የቤታቸው ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ ያን የሚያህል ፋይል አይችልም። ማስመሪያ ስዕል የሚያፋጥን ያገለገለ የግራፊክስ ካርድ ከሆነ ሱቅ ገዝቶ መጣ። እኔም በእህቴ እጅ አንድ ራም ላክሁለት፤ ኮምፒውተር የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያኖርባት ቀጭን ሰሌዳ ናት። ከሱቄ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ነጥብ ይደረግበታል፤ ተፈትሿል ማለት ነው። ቀይ ነጥብ ያለበትን ዳግመኛ አልፈትሽም፣ ሌላ ሰው ሲጠራጠረውም አልወድም። ማስመሪያ ካርዱንም ራሙንም በአንድ ቀን ሰካቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ ሥራ መሀል ቀጥ እያለ ስታክ ያደርግ ጀመር።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ እህቴ ደወለች። «እባክህ ድረስልኝ፤ ሰውዬው ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የለውም» አለችኝ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።

ሳሎን ስገባ የኮምፒውተሩ ኬዝ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ብሎኖቹን ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሯቸዋል፤ እያንዳንዷን ብሎን በክብ ከቦ ቁጥር ሰጥቷታል። ብሎን ቁጥር ሲሰጠው ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«ክፈተው ያለህ ማነው?» አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

«ፋይሉን ከፍቼ ትንሽ ስሠራ ቀጥ ይላል» አለ። «ማውሱም አይሄድ፣ ኪቦርዱም አይሰማ። መቼ መቼ እንደቆመ፣ ያኔ ምን ምን እንደተሰካ ጽፌዋለሁ። ብታየው…» ደብተሩን ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ ማሽን በደብተር አይጠገንም።»

እህቴ ከኋላዬ ሳቀች። እሱም ፈገግ ብሎ ደብተሩን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ካርዱን የሞተ አይጥ እንደሚይዝ ሰው በሁለት ጣቴ ነቅዬ አወጣሁት። «ይኸውልህ በሽታህ» አልኩት። ኮምፒውተሩን አስነሳሁ፣ ፋይሉን ከፈትኩ፣ እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ። በስድስተኛው ደቂቃ ቀጥ አለ።

«እንግዲያው ካርድህ ፓወር ሰፕላዩን ገድሎታል» አልኩ። ከቦርሳዬ ሌላ አውጥቼ ቀየርኩ። ኤሌክትሪክ ለሁሉም ዕቃ የሚያከፋፍለው እሱ ስለሆነ እሱ ከደከመ ሁሉም ይደክማል እያልኩ ሳልጠየቅ አስተማርኩት። ኮምፒውተሩ እንደገና ቆመ።

«ራሙስ?» አለ ማስመሪያ ቀስ ብሎ።

«ነጥቡን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተህ ነው የምትጠይቀኝ?»

እህቴም «ወንድሜ የፈተሸውን ትጠረጥራለህ እንዴ?» አለችው። የሃርድ ዲስኩን ገመድ ቀየርኩ፣ ፋኑን ጠረግሁ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ሰካሁ። በየመሀሉም አፌ አላረፈም። ባለሙያ ያልሆነ ሰው መፍቻ መጨበጥ የለበትም አልኩ፤ ሰባት ወር ሥራ የፈታ ሰው እጁ ይበላዋል መሰል አልኩ። ይቺን የመጨረሻዋን እህቴ አልወደደቻትም፤ ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ኩሽና ገባች። እሱ ግን የነቀልኩትን ብሎን እየተቀበለ በየቁጥሩ ላይ ይመልሳል።

አስር ሰዓት ሆነ። ኮምፒውተሩ ለአምስተኛ ጊዜ ቆመ። ማስመሪያ ሰዓቱን አይቶ ስልኩን አነሳ። «ተቋራጩን አንድ ቀን ልለምነው» አለና ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ በሩን ዘጋ። በበሩ በኩል «አዎ ጌታዬ… ይገባኛል ጌታዬ» ሲል ይሰማኛል። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ሆኖ ነበር።

ብቻዬን ቀረሁ። ላብ አጥምቆኛል። መፈተሽ ያለበት ሁሉ ተፈትሿል፣ እኔ ግን ምን እንደነካው አላውቅም። ደብተሩን ያነሳሁት ልስቅበት ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። በዚያ በነዳፊ ፊደሉ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ እንዲህ ይላል፦

«ማክሰኞ 3፡10። ካርዱ ወጥቶ፣ ሁለቱም ራም ተሰክተው፦ በ6 ደቂቃ ቆመ።

ማክሰኞ 4፡00። ካርዱ ተሰክቶ፣ የድሮው ራም ብቻ፦ አራት ሰዓት ሙሉ አልቆመም። ትልቁ ፋይል ግን አልከፈት አለ፤ ራም አነሰው።

ረቡዕ 2፡30። አዲሱ ራም ብቻ፦ በ4 ደቂቃ ቆመ።

ረቡዕ 3፡15። አዲሱ ራም በሌላው ማስገቢያ፦ በ4 ደቂቃ ቆመ።»

ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፦ «ሌላ ራም ልግዛ ስላት ‹ወንድሜ ይቀየመኛል› አለች። እውነቷን ነው። ራሱ መጥቶ ቢያገኘው ይሻላል።»

እኔ ሁለት ሰዓት ሙሉ የባከንኩበትን እሱ ረቡዕ ጨርሶታል። ያን ራም የላክሁበት ቀንም ትዝ አለኝ። ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ነበር። አስር ራም በአንድ ካርቶን መጥቶልኝ ሦስቱን ፈተሽኩ፤ ሦስቱም ደህና ሆኑ። «የአንድ ካርቶን ልጆች ናቸው» ብዬ ለአስሩም ነጥብ አደረግሁ። እሱ ለአንድ ብሎን ቁጥር ይሰጣል፣ እኔ ላልፈተሽኩት ሰባት ራም ምስክርነት ሰጠሁ።

ራሙን ነቅዬ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ከቦርሳዬ ሥር ነጥብ የሌለው ሌላ ራም አውጥቼ ሰካሁ፤ ካርዱንም መለስኩለት። ፋይሉ ተከፈተ። የክሊኒኩ ክፍሎች አንድ በአንድ መጡ፤ መርፌ መውጊያው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ የተራ መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ሳይቀር። አስር ደቂቃ፣ አስራ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ። አልቆመም። ከዚያ ቀን በፊት አንድም ሥራውን አይቼ አላውቅም ነበር።

ማስመሪያ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። «አንዲት ደቂቃ አልጨምርም አለኝ» አለ። ከዚያ ስክሪኑን አየ። ማውሱን ያዘና ወዲያ ወዲህ አደረገው፤ ቀስቷ ታዘዘችው። ቀና ሲል ዓይኑ ሸሚዝ ኪሴ ላይ አረፈ። የራሙ ጫፍ ከነቀይ ነጥቡ ብቅ ብሎ ነበር።

እህቴ ሻዩን ይዛ መጣች። «ተሠራ? ምን ሆኖ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር ብል እንኳ ማን ያምነኛል፤ እኔም ራሴን አላምንም።

«ካርዱ ነው» አለ ማስመሪያ። «እኔ ስሰካው በደንብ አላስገባሁትም ኖሯል።»

«አላልኩህም? ባለሙያ እያለ እጅህን የምትሰደው ምን ቸግሮህ ነው?» አለችና ለእኔ ሻዩን በሁለት እጇ አቀበለችኝ። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር፣ ወንድሜ?»

ሻዩን ተቀበልኩ። ጠጣሁትም።

እሱ ወንበሩን ስቦ ሥራው ላይ ተደፋ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ከማውሱ እጁን አላነሳም። አስር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ፕላኑን ላከው። ሥራውንም አገኘ፤ እህቴ ዛሬም ድረስ ለሰው ስታወራ «ወንድሜ ደርሶለት ነው» ትላለች፣ እኔም አላርማትም።

ያን ቀን ዕቃዬን ስሰበስብ እሱ ደብተሩን ሳበና በማስመሪያ አንድ መስመር አሰመረ። በትከሻው በኩል አነበብኩት፦ «ቅዳሜ 10፡20። ተስተካከለ። ምክንያት፦ ካርዱ፤ በእኔ ስህተት።»

አምፖል የቀየረበትን ቀን እንኳ አጣርቶ የሚጽፍ ሰው ነው። በዚያ ደብተር ውስጥ ሐሰት የሆነው መስመር ያ አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም ለእኔ ሲባል የተጻፈ ነው።