ከመስታወቱ ጀርባ የቆመችው

አያትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። ሳታስፈቅድ በማንም ትከሻ ላይ ሜትር ጥላ አታውቅም። የልጅ ልጇን ልታይ የምትሠራበት ልብስ መደብር ደጃፍ ስትደርስ ግን ቆማ ቀረች።

ልጅቷ በመደብሩ የልብስ ማሳያ መስታወት ውስጥ ቆማለች። ሻጭ ሆና ከተቀጠረች ወር አልሞላትም። የልብስ ማሳያው አሻንጉሊት ክንዱ ተሰብሮ ጥግ ተጋድሟል፤ ባለሱቁ ሌላ እስኪመጣ ብሎ እሷን በቦታው ገትሯታል። በለበሰችው ቀይ ካፖርት እጅጌ ላይ የዋጋ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አንድ ደንበኛ የካፖርቱን ጫፍ ገለጠ፣ ገበሩን አሸት አሸት አደረገ፣ ወገቧ ላይ ጨርቁን ጨምድዶ ይዞ ለሚስቱ ይጠብባት እንደሆነ ባለሱቁን ጠየቀው። ልጅቷን የጠየቃት የለም። ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

«አደራ፣ ያሉሽን ሁሉ እሺ በይ» ብላ የላከቻት አያትየዋ ራሷ ናት። ይኸው ልጅቷ እሺ አለች።

አያትየዋ ገባች። ባለሱቁ እጅ ነስቶ ምን እንደምትፈልግ ሲጠይቃት ሜትሯን አውጥታ አንገቱ ላይ ጣለችው። ኮሌታውን ገለበጠች፣ ሆዱን በሁለት ጣቷ ቆነጠጠችና ወደ ደንበኛው ዞረች።

«ይሄኛው እዚህ ጋ ተርፏል። ቢጠብ አይሻልም?»

ባለሱቁ ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ሴትዮ፣ ጤና የለዎትም? እኔ እኮ ሰው ነኝ!»

«ነህ እንዴ? እኔማ የልጅ ልጄን ሳያት እዚህ ቤት የቆመ ሁሉ የሚዳሰስ መስሎኝ።»

ከዚያ በኋላ አፉን ከፈተ። ልጅቷ ዝም ብላ ቆማ ደሞዝ የምትበላ መሆኗን፣ አሻንጉሊቱ እንኳ እንዲህ ያለ ነገረኛ ዘመድ እንዳልነበረው ዘረዘረ። በመጨረሻም በአገጩ ወደ መስታወቱ እያመለከተ፣ «ይውሰዷት በቃ፤ ካፖርቴን ብቻ ይመልሱልኝ» አለ።

አያትየዋ የልጅቷን ክንድ ይዛ ልትጎትት እጇን ሰነዘረች፤ ሳትነካት ግን እጇን ገታች።

«እኔም ልጎትትሽ ነበር» አለች። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?»

ልጅቷ ዓይኗን ከግድግዳው አነሳች። መርፌ ቁልፉን ፈታች፣ ካፖርቱን አወለቀች፣ ባለሱቁ ትከሻ ላይ ደረበችለት። የዋጋ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ሰካችለት።

«ቦታው ክፍት ነው፤ እርስዎ ይቁሙበት» ብላው ወጣች።

ውጭው ይበርዳል፤ ልጅቷ በስስ ሸሚዝ ናት። አያትየዋ ሹራቧን እያወለቀች፣ እያለከለከች ደረሰችባት።

«ላልብስሽ?» አለቻት።