እሳቱ የለም

"እዚህ ሥዕል ላይ ምን ይጎድላል?" አሉ ፈታኟ ወይዘሮ ሄድቪጋ፣ ካርዱን ወደ ልጅቷ አስጠግተው።

ሥዕሉ የመታጠቢያ ገንዳ ነው፤ ቧንቧ የለውም። የስድስት ዓመቷ ዣኔታ ትክ ብላ አየችውና ጣቷን ከገንዳው ሥር አሳረፈች።

"እሳቱ የለም" አለች በቤቷ ቋንቋ፣ በሮማኒኛ።

ከስሎቫኮቹ መንደር ዳር፣ ሮማ የሚባሉት ሕዝቦች ተገልለው በሚኖሩበት ሰፈር፣ ገንዳ የሚጣደው ሦስት ድንጋይ ላይ ነው። ውሃው በባልዲ ይቀዳል፣ ከሥሩ እንጨት ይነድበታል፣ ከዚያ ልጆቹ በተራ ይገቡበታል። እሳት የሌለው ገንዳ ለማን ይጠቅማል? ወይዘሮ ሄድቪጋ ግን ሮማኒኛ አያውቁም። ዜሮ ጻፉ።

የመምህር ረዳቷ ዮላና ከግድግዳው ጥግ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። ከትምህርት ቤቱ ሠራተኞች መካከል ሮማ እሷ ብቻ ናት። የሥራ ውሏ በየነሐሴው ይታደሳል፤ በየነሐሴውም ዳይሬክተሩ በር ላይ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። ዛሬ የተፈቀደላት ልጅቷ እንዳትፈራ አብራ መቀመጥ ብቻ ነው። መተርጎም ክልክል ነው፤ ፈተናው ይበላሻል ተብሏል። ያልተበላሸ ነገር የቀረ ይመስል!

"ጓደኛሽ መንገድ ላይ ወድቃ ብትጎዳ ምን ታደርጊያለሽ?"

ስሎቫክኛው ለዣኔታ በግማሽ ገባት። መልሱ ግን ሙሉውን በሮማኒኛ ተንዶ መጣ፦ "አነሳታለሁ። ከከበደችኝ የአጎቴን ጋሪ እጎትታለሁ። ወንድሜን ግን አልጠራም፣ እሱ ይስቅባታል። እናቷ እንዳትደነግጥ ደሙን መጀመሪያ እጠርግላታለሁ።"

ዮላና ሳቅ አፈናት፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። ወይዘሮ ሄድቪጋ የልጅቷን ፀጉር ዳበስ አድርገው "አልመለሰችም" ብለው ጻፉ። ክፉ ሴት አይደሉም። ከከተማ የመጡት በጠዋቱ አውቶቡስ ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ገና ሦስት ልጅ ይቀራቸዋል።

ፈተናው ሲያልቅ ዣኔታ ከረሜላ ተሰጥቷት ወደ ግቢው ወጣች፤ ኮሪደር ላይ ስትጠብቅ የነበረችው እናቷ ኢቬታ ተጠራች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የገበያውን ስሎቫክኛ አሳምራ ትችላለች፤ የቢሮው ግን ይጠፋባታል።

"በይ ዮላና፣ አሁን ተርጉሚላት" አሉ ወይዘሮ ሄድቪጋ ወረቀቱን እየገፉ። "ልጅቷ መስከረም ላይ ልዩ ትምህርት ቤት ትገባለች። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ልጅ ብቻ ነው ያለው፣ ይመቻታል። እናቷ እዚህ ጋ ትፈርም።"

ለልጅቷ የተከለከለው ለፊርማው ተፈቀደ። ዮላና ደሟ ፈላ። ልዩ የሚባለው አእምሯቸው ዘገምተኛ ነው ለተባሉ ልጆች ነው፤ እዚያ ገብቶ ወደ ተራው ክፍል የተመለሰ አንድም ልጅ አይታ አታውቅም። ቢሮ ውስጥ የምትናገርበትን ለስላሳ ድምፅ ሳትቀይር በሮማኒኛ፣ "አትፈርሚ" አለች። "ልጅሽ ብልህ ናት። ሁሉንም መልሳለች፣ የሰማት ነው የጠፋው።"

ኢቬታ ለመፈረም ያነሳችውን እስክሪብቶ አልለቀቀችም።

"እትዬ ዮላና፣ ትልቁ ልጄ ማርሴል እኮ እዚያ ነው ያለው። እየሳቀ ነው የሚመጣው። እዚህ አንደኛ ክፍል ሳለ ከወንበሩ ሲነሳ ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጉት ነበር፤ ረሳሽው? እኔም እዚያው ነው የተማርኩት። ምን ሆንኩ?"

"ምን ሆንሽ? ይሄው፣ የምትፈርሚበትን ማንበብ አቃተሽ!"

ኢቬታ ፊቷ ቀላ። ዮላና ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ።

"እሺ" አለች ኢቬታ ቀስ ብላ። "ያንቺ ልጅ እዚህ ሲማር አጠገቡ ማን ነበር የተቀመጠው?"

"ማንም። እኔ ነበርኩ።"

"ከዣኔታ አጠገብስ ማን ይቀመጣል?"

"እኔ።"

"እስቲ ማይልኝ።"

"እኔ እቀመጣለሁ አልኩሽ!"

ኢቬታ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ወይዘሮ ሄድቪጋ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን አዩ።

"ምን ተፈጠረ?"

"አልፈርምም ትላለች" አለች ዮላና።

"ዮላና፣" አሉ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አትፈርሚ ያልሻት አንቺ ነሽ እንዴ? እንደዚያ ከሆነ ለዳይሬክተሩ መንገር አለብኝ። ነሐሴ ደግሞ ሩቅ አይደለም። እሷ በራሷ እንቢ ብላ ከሆነ 'እናትየዋ ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለችም' ብዬ እጽፋለሁ። ያኔ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሰዎች ቤቷ ድረስ ይሄዳሉ፣ ልጆቹንም ያያሉ። ያንን ደግሞ ታውቂዋለሽ።"

ዮላና ታውቀዋለች። ሰፈሩ ውስጥ የዚያ ቢሮ መኪና ሲገባ እናቶች ይወሰዱብናል ብለው ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ ይሰበስባሉ። እውነቱን ብትናገር መስከረም ላይ ዣኔታ አጠገብ የሚቀመጥ አይኖርም፤ ብትዋሽ ደግሞ መኪናው ኢቬታ ደጅ ይቆማል። "እኔ ነኝ" ልትል አፏን ከፈተች።

ቀድማት የተናገረችው ኢቬታ ናት፤ በዚያው በገበያ ስሎቫክኛዋ።

"እኔ። እሷ ምንም አላለች። እኔ ራሴ እንቢ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ።" ከዚያ ወደ ዮላና ሳትዞር በሮማኒኛ፣ "አርፈሽ ተቀመጪ። አንቺን ካባረሩሽ ለልጄ ምን ታደርጊልኛለሽ?" አለች።

ወይዘሮ ሄድቪጋ ተንፍሰው ጻፉ፤ ጽፈውም ሲጨርሱ ወረቀቱን አዞሩት። የአስተርጓሚው ስም የሚሰፍርበት ባዶ ቦታ ከታች አለ። ዮላና ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው፦ እናትየዋ ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለችም።

እስክሪብቶውን አነሳችና ከሥሩ ፈረመች።