ያልረጋው ኮክቴል

የወንድሜን ሚስት «ፕሮፌሰሯ» እላታለሁ፤ በሆዴ ነው እንጂ በአፌ አላወጣውም። ሴትዮዋ የማታውቀው ነገር የለም፤ የምታውቀውን ሁሉ ግን ያወቀችው ከስልኳ ነው። መጋረጃ መስፋት ከስልክ፣ የወገብ ሕመም ማከም ከስልክ፤ ባል አያያዙም ከዚያው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ጁስ ቤት ቆሜ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የማንጎን መብሰል በመዓዛው፣ የብሌንደርን መታመም በድምፁ አውቃለሁ። ያን እሁድ ጠዋት ቤታቸው ስደርስ ፕሮፌሰሯ ስልኳን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ በቤት ውስጥ የሚሠራ የበጋ በረዶ ኮክቴል ትማራለች።

ወንድሜ ሽርጥ ታጥቆ ማንጎ ይልጣል። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ቤት አንድ ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም። አሁን ጥፍሩ ድረስ ቢጫ ሆኖ «እትዬ መጣሽ? አረፍ በይ» ይለኛል፣ ጥርሱን እያሳየ። አላላጡንማ አታንሱት፤ ግማሹ ማንጎ ከልጣጩ ጋር ወደ ቆሻሻው ይሄዳል። ዓይኔ ደም ለበሰ።

ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ለአባቷ ነው። አባቷ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ቤት ረግጠውት አያውቁም። ትምህርቷን አቋርጣ ወንድሜን ያገባች ቀን «ልጅ የለኝም» ብለው በራቸውን ዘጉ። ባለፈው ሳምንት፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ «እሁድ ለአንድ ሰዓት ብቅ እላለሁ» ብለው ደወሉ። ሰውዬው ዕድሜያቸውን የጨረሱት በረዶ ፋብሪካ ነው። እሷ ልጅ ሳለች፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ የተሰባበረ በረዶ በፎጣ ጠቅልለው ይመጡ ነበር አሉ። እናቷ የፍራፍሬ ጭማቂ ታፈስበታለች፤ ሦስቱም ደጃፍ ላይ ተቀምጠው በማንኪያ ይበላሉ። ፕሮፌሰሯ ያንን ልታስታውሳቸው ነው። እኔ እስከማውቀው በረዶ ጥርስ ያማል እንጂ ሆድ አያራራም።

«አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሰጠኝ፣ እትዬ» አለችኝ። «ዛሬ ከተበላሸ ሁለተኛ አይመጣም።»

«አይዞሽ» አልኳት፣ ከአንገት በላይ።

ማንጎውን፣ አናናሱንና እንጆሪውን ፈጨች። ስኳሩን ገለበጠችበት፤ አልበቃ ብሏት ማር ደገመች። ከዚያ ቮድካውን ከፈተች። ጠብ ታደርግበታለች ብዬ ስጠብቅ ጠርሙሱን ዘቅዝቃ እስኪያልቅ ቆመች። ሁለተኛውንም ከፈተች።

«አባባ ጠንከር ያለ ነው የሚወደው» አለች።

ጁስ ቤት ትናንት የተቀጠረ ሰው እንኳን የሚያውቀው ነገር ነው፤ አልኮል የበዛበት አይረጋም። አራት እጅ ፍራፍሬ ከሆነ አንድ እጅ አልኮል፣ በቃ። ስኳሩም ሲበዛ መርጋቱን ያዘገየዋል። የእሷ እኩል በእኩል ሆኗል። ፍሪዘሩ ደግሞ ፍሪጁ አናት ላይ ያለች፣ በሯ በፕላስተር የተያዘ ጠባብ ሳጥን ናት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በማንኪያ ቀድታ ወደ አፌ አስጠጋች። «እትዬ፣ ይቅመሱልኝ። እርስዎ የሙያው ሰው ነዎት። ልኩ ነው?»

ዓይኗን ከአፌ አልነቀለችም። ቀመስኩት፤ ጉሮሮዬን እያቃጠለ ወረደ።

በእኛ ሙያ አንድ ደንብ አለ፦ ልክህን ለማንም አትንገር። ደንበኛ ምን ያህል ምን እንደገባበት ሲጠይቅ ትስቃለህ እንጂ አትመልስም። እኔም ደንቡን ማክበሬ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩት። ዝም አይነቅዝም። እውነቱን ካላችሁኝ ግን ቀንቼ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ስልኳ ሲያዋርዳት ወንድሜ ቆሞ እንዲያይ ፈልጌ ነበር።

«ልኩ ነው» አልኳት።

ፊቷ በራ። ጉንጬን ስማኝ ድብልቁን ፍሪዘር ውስጥ ከተተች።

ከዚያማ በየሃያ ደቂቃው እየሄደች በሩን መክፈት ሆነ። ዶሮ እንኳን እንቁላሏን እንዲህ አትጎበኝም። «ረጋ?» ይላል ወንድሜ። «ገና ነው» ትላለች። እኔ የአየር ማራገቢያው ፊት ተመቻችቼ ተቀምጬ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌው መጡ። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል። ልጃቸውን በእጅ ብቻ ሰላም አሏት፣ ወንድሜን በአንገታቸው። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና የግድግዳውን ሰዓት አዩ።

ፕሮፌሰሯ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዛ ወጣች። ከላይ አረፋ፣ ከታች ዝቃጭ፣ መሃሉ ቀላ ያለ ውሃ። የዕቃ እጣቢ ይመስላል።

«አባባ» አለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። «በረዶ እንዲሆን ነበር። እንደዚያን ጊዜው። እምቢ አለኝ።»

ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ። ከጠዋት ጀምሮ የተመኘሁት ይኸው ፊቴ መጣ፤ ደስታው ግን አልመጣም። ሽማግሌው አንዴ ተጎነጩና ሳል ያዛቸው።

«ምን ያህል አደረግሽበት?»

«ሁለት ጠርሙስ።»

«እንኳን እዚህ፣ ፋብሪካችንም ብታስገቢው አይረጋልሽም። የሚያውቅ ሰው አትጠይቂም ነበር?»

እሷ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ያ ቂል ወንድሜ ግን ሚስቱን ያዳነ መስሎት «ጠይቃለች እንጂ» አለ። «እህቴ ሃያ ሁለት ዓመት ጁስ ቤት ሠርታለች። ጠዋት ቀምሳ ልኩ ነው ብላለች።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ቀምሰውት ነበር?»

«ቀምሻለሁ» አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኔን ሳሸሽ ከእሷ ዓይን ጋር ተጋጨሁ፤ ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። ኩምሽሽ አልኩ።

ሰውዬው ባርኔጣቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈተው ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቀሉት።

«ጨው አለሽ? ብዙ ነው የምፈልገው» አሉ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። ከዚያ ወደ ወንድሜ፦ «አንተ፣ ሮጥ በልና በረዶ ገዝተህ ና።»

በስድስት ዓመት ውስጥ ያናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ወንድሜ ሽርጡን ሳይፈታ ሮጠ።

ከድብልቁ አንድ ኩባያ ብቻ አስቀርተው የቀረውን ወደ ጎን አደረጉት። አዲስ ማንጎና አናናስ አስፈጭተው ጨመሩበት። ድብልቁን በብረት ድስት አድርገው በረዶና ጨው የሞላበት ሳፋ ውስጥ አስቀመጡና ማማሰያ ለልጃቸው ሰጧት። «ጨው የበረዶውን ቅዝቃዜ ያጠነክረዋል። በአንድ በኩል አዙሪ፣ እንዳታቆሚ።» ስትደክም እሳቸው ይቀበሏታል፤ ሲደክሙ ወንድሜ። እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ «ላግዛችሁ?» አልኩ።

«ይቀመጡ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የግድግዳው ሰዓት አሥር ተኩል አለ፤ ከእኔ ሌላ ያየው የለም። ከወጥ ቤት የሽማግሌው ሳቅ ተሰማ።

ሲመጡ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለአባቷ ሰጠች፣ ለባሏ ሰጠች፣ የእኔንም ፊቴ አስቀመጠችልኝ። አሁን አፌን አታይም።

«እስቲ ልቅመስልሽ» አልኩ፣ እንደ ጠዋቱ ለመሆን እየሞከርኩ።

«አይ እትዬ» አለች በትሕትና። «አባባ ቀምሶታል። እርስዎ ዝም ብለው ይጠጡ።»

ጠጣሁ። ልኩ ነበር፤ ግን ማን ጠየቀኝ።