ያለፍኩት መጽሐፍ

ፈሪ ለእናቱ ይሉታል። እኔ እናቴን ከቀበርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ያ ምክንያት እንኳ የለኝም።

አንድ ጸደይ ላይ ከሰባኪዎቻችን አንዱ ሞቶ በምትኩ ሌላ ያስፈልገን ነበር። እኛ አሚሾች፣ በአሜሪካ ገጠር በጥንቱ ሥርዓት የምንኖር ክርስቲያኖች፣ ሰባኪ አንቀጥርም፤ ዕጣ እናወጣለን። እያንዳንዱ ምእመን የሚሻለውን ሰው ስም በሽማግሌው ጆሮ ሹክ ይላል፤ በቂ ድምፅ ያገኙት ወንዶች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። በቁጥራቸው ልክ የመዝሙር መጻሕፍት በላስቲክ ታስረው ይደረደራሉ፤ በአንደኛው ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አለ። እሱን ያነሳ ሰው እስኪሞት ድረስ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ማስታወሻ ቆሞ ይሰብካል። እምቢ ማለት የለም፤ ዕጣው ከደረሰን ልንቀበል ስንጠመቅ ቃል ገብተናል።

ሦስት ሆነን ቀረብን። እኔ ማህሎን የፈረስ ጨረታ ጠሪ ነኝ፤ ምላሴ እንጀራዬ ነው። ሁለተኛው የሚስቴ ወንድም ዮስት ነው፤ ከልጅነቱ ይንተባተባል፣ ላሞቹን ለመጥራት እንኳ ሁለት ጊዜ ይሞክራል። ሦስተኛው ጎረቤታችን ሌቫይ ነው። ዮስትን ማን እንደጠቆመው እግዜር ይወቅ፤ የሁሉም ዓይን ያረፈው እኔ ላይ ነበር። ሚስቴ ሎቪና ጠዋት ኮቴን እያስተካከለች፣ ዕጣው ከአንተ አያልፍም ብላ አልቅሳ ነበር።

በዕድሜ ታላቅ ስለሆንኩ መጀመሪያ ተነሳሁ። ፈቃድህ ይሁን እያልኩ እጄን ወደ መካከለኛው መጽሐፍ ሰደድኩ። ያኔ አየኋት። የጥፍር ጫፍ የምታህል ነጭ ወረቀት ከገጾቹ መካከል ብቅ ብላለች። ልቤ ከዳኝ። አፌ ፈቃድህ ይሁን እያለ እጄ በስተቀኝ ያለውን መጽሐፍ አነሳ። ቀጥሎ ዮስት መጣና ዓይኑን ጨፍኖ መካከለኛውን ወሰደ።

ሽማግሌ አሞስ የእኔን መጽሐፍ ከፍቶ ምንም አላገኘበትም። የዮስትን ከፈተና ወረቀቱን አወጣ። ዮስት ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ፤ ሚስቱ ሰው እንደሞተባት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ሰዉ ለአማቼ ያዘንኩ መሰለው። ያለቀስኩት ደስ ብሎኝ ነው። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

የመጀመሪያ ስብከቱን ባይሰሙት ይሻላል። አንዷን ቃል ለማውጣት ሲታገል ልጆች ሳቁ፣ እናቶች ቆነጠጧቸው፣ አንገቱ ድረስ በላብ ራሰ። ተራው በደረሰ ቁጥር ግን ይቆም ነበር። እያደር ሰዉ ለመደው፤ እንዲያውም ቀስ ብሎ ስለሚናገር ይገባናል የሚሉ መጡ። እኔ ግን መልመድ አቃተኝ። ከጌታ ራት በፊት እያንዳንዳችን ከእግዚአብሔርም ከሰውም ጋር ሰላም መሆናችንን እንናገራለን። በዓመት ተኩል ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰላም ነኝ ብዬ ዋሸሁ። ሦስተኛው ሲቃረብ መዋሸቱ አልሆንልህ አለኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዮስት በረት ሄድኩ።

ላም እያለበ ነበር። ወረቀቷን እንዳየኋት፣ እጄን እንደመለስኩ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ ቀለለኝ። ዛሬ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ መቅለሌ ነው።

ዮስት ማለቡን አላቆመም።

«ቃል ሲ... ሲጠፋኝ ምን እንደምል ታውቃለህ? ራሴን አልመረጥኩም፣ የመረጠኝ እግዚአብሔር ነው፣ እሱ ይጨነቅበት እላለሁ። ሌላ መቆሚያ የለኝም።»

በጨረታ ላይ አንካሳ ፈረስ የሚሸጠው አፌ ያወጣው ይቅርታ የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር።

«አንተስ ቀለለህ» አለኝ። «እኔ ነገ ምን ይ... ይዤ ልቁም?»

ዛሬውኑ ለሽማግሌው ልንገረው፣ ነገ በጉባኤው ፊት ተንበርክኬ ልናዘዝ አልኩት።

«ትንበረከካለህ» አለ። «ነገ ግን አይደለም። ነገ ተ... ተራው የኔ ነው።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። አይመጣም፣ አመመኝ ብሎ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር እኔ ብሆን እቀር ነበር።

እሱ መጣ። ተነስቶ መጽሐፍ ቅዱሱን ሳይገልጥ ወደ ሰዉ ዞረ።

«ማን እንዳቆመኝ አ... አላውቅም» አለ። «እግዚአብሔር ይሁን፣ የሰው እጅ ይሁን፣ አላውቅም። እሱ ያውቃል። እኔ ይኸው ቆሜያለሁ፤ ጸ... ጸልዩልኝ።»

ሰባኪዎቻችን ሲጀምሩ ሁሌም ራሳቸውን ዝቅ ስለሚያደርጉ ማንም ልብ አላለውም። ሌቫይ እንደ ልማዱ ራሱን ነቀነቀ። ዮስት መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ እየተንተባተበ ቀጠለ። እኔ እስኪጨርስ ድረስ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።