ስምንተኛው ደቂቃ

ጎንደር ፒያሳ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ከፍቼ መቀመጥ ከጀመርሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ባለጉዳይ የነገረኝን እጽፍና ከመፈረሙ በፊት አነብለታለሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቴን ያፈረሱብኝ መምህርት ለተ ማርያም ናቸው።

መምህርት ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት በጠና ታመሙ፤ እሳቸው ሲድኑ ጆሯቸው ሳይድን ቀረ። ድምፃቸውን ስለማይሰሙት ጮኽ ብለው ነው የሚናገሩት፤ እኔ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ በትልልቅ ፊደል እየጻፍሁ እመልስላቸዋለሁ። አንድ ልጅ አላቸው፣ ምንይችል የሚባል። ቆላ ወርዶ፣ ሳንጃ ላይ ሰሊጥ ያርሳል፤ ስለ ሰሊጥም ቪዲዮ እየሠራ ዩቲዩብ ላይ ይጭናል። አርባ ሺህ ሰው ይሰማዋል። እናቱ ብቻ አይሰሙትም።

«ጽሑፍ ጨምርበት ስለው እሺ ይለኛል። ይኸው እሺ እንዳለ ዓመት ሞላው» አሉኝ መጀመሪያ የመጡ ቀን።

የመጀመሪያውን ቪዲዮ አዳምጬ በወረቀት አተምሁላቸው። አልወደዱትም።

«ወረቀቱን ሳይ ፊቱ ያመልጠኛል» አሉ።

እውነታቸውን ነው። እንደ ምንም ብዬ ከምስሉ ሥር ጽሑፍ ማስገባት ተማርሁ። ንግግሩ ብቻ አይበቃም፤ የሚሰማውን ሁሉ በቅንፍ ማስገባት አለብህ፦ (ነፋስ)፣ (ትራክተር)፣ (ይስቃል)። መምህርት (ላም ትጮኻለች) የሚለውን ሲያዩ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ላም እንደገዛ አልነገረኝም እኮ!»

ሦስት ቪዲዮ እንዲህ ሠራን። ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣሉ። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ ማክሰኞን መጠበቅ ጀመርሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ተቀብሎ ለመውጣት ይቸኩላል። ሳይቸኩሉ የሚቀመጡ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አራተኛው ቪዲዮ ከሁሉ የሚወዱት ነው። ስልካቸው ላይ መቶ ጊዜ አይተውታል።

«ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ሰሊጡን ትቶ ወደ እኔ ያያል» አሉኝ። «ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ። ምን እንደሚል ብቻ ጻፍልኝ።»

ከሄዱ በኋላ ማዳመጫዬን ሰክቼ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ደረስሁ። አንድ ተመልካች ስለ እናቱ ጠይቆት ምንይችል እየመለሰ ነው።

«እናቴ ጎንደር ናት። አትሰማም። አንዲት ነገር ለመነጋገር ግማሽ ሰዓት እንጽፋለን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይደክመኛል። ለዚህ ነው የማልሄድ። እሷ መንገዱ የከለከለኝ ይመስላታል። እንዳትነግሩብኝ። ደግሞ ብትነግሯትስ መች ትሰማለች!»

ከዚያ ሳቀ።

ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ወረወርሁት። አብሬው እስቃለሁ ያሉት ይህን ነው። ለእናት እንዴት ተብሎ ይጻፋል? ብዙ ተቀምጬ፣ በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «እናቴ ጎንደር ናት። በጣም ትናፍቀኛለች። መንገዱ አልመች ብሎኝ ነው።» ከሥሩ በለመደ እጄ (ይስቃል) ብዬ ጨመርሁ።

መምህርት ማክሰኞ መጥተው አዩት። አስደገሙኝ። አሁንም አስደገሙኝ።

«አፉ ብዙ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የጻፍኸው ትንሽ ነው» አሉ። «ደግሞስ እናቴ ናፈቀችኝ ብሎ የሚስቅ ማን ነው?»

«በአጭሩ አድርጌው ነው» ብዬ ጻፍሁ።

ተቆጡ። የጎረቤት ባለሱቅ ወጥቶ እስኪያየን ድረስ ጮኹ።

«ለእኔ ሁሉም ሰው በአጭሩ ነው! ለቅሶ ቤት ሰዓት ሙሉ ያወራሉ፣ ምንድን ነው ስል ‹ምንም አይደል› ይሉኛል። ማኅበር ላይ ሁሉም ይስቃል፣ ምን አላችሁ ስል ‹ምንም አይደል›። አንተ ደግሞ ምነው? ሸጋ ሰው ትመስለኝ ነበር።»

አፈርሁ። እዚያው እያዩኝ፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ጻፍሁት። ከልጃቸው ፊት ሥር ቃል በቃል አነበቡት። አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «ከእናትህ ነው ብለህ ላክለት» አሉ። «ይጫነው። እንደ እኔ የማይሰማ ሌላም ሰው ያየው ይሆናል።»

ባለጽሑፉን ቪዲዮ በቴሌግራም ላክሁለት። አየው። መልስ የለም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መምህርት ስልካቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ገቡ። ያ ፊት የነበረበት ቦታ ጥቁር ሆኗል፤ ቪዲዮው ተሰርዟል ይላል። ምንይችል አልመጣም፣ አልጻፈም፤ አጠፋው፣ በቃ።

«ይቅርታ ጠይቀኝ አላልሁትም» አሉ፣ ካወቅኋቸው ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀስታ። «ና አላልሁትም። ፊቱን ምነው ወሰደብኝ?»

ቅጂው እኔ ዘንድ ነበር። ከፈትሁና ስምንተኛው ደቂቃ ላይ አቆምሁት። ከጎኑ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁላቸው፦ «ጽሑፉን ላንሣልዎ?»

ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ።

«ከነጽሑፉ» አሉ።