አየር የገባበት ቆጮ

የልጄ የሱራፌል ሚስት ቤዛ የጎጃም ልጅ ናት፤ ወልቂጤ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ለመስቀል ሥራ ላግዝ ብላ እኛ ዘንድ ቸሃ ከሁሉም ቀድማ መጣች። እኔ ቡታጅራ እህቴን ጠይቄ፣ እዚያው ሰንብቼ ስመለስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ለበዓሉ የቀበርኩትን ቆጮ ድንጋዩን አንስታ፣ የእንሰት ቅጠሉን ገልጣ ለፀሐይ ሰጥታዋለች። ፊቱ ደርቆ ሻግቷል።

"ሽታው ከበደኝና ትንሽ ይናፈስ ብዬ ነው" አለችኝ።

እኔ ደግሞ ስቆጣ አፌ ፍሬን የለውም። "ቆጮ ይናፈሳል? ብርድ ልብስ መሰለሽ? የጎረቤት ሴቶቹ ሊያወጡት መጥተው ሲያዩት ምን ልበላቸው?" ብዬ ጮህኩባት። በኛ አገር ጉድጓዷን ከፍታ የተወች ሴት ስሟ እስከ ጉንችሬ ገበያ ድረስ በክፉ ይነሳል።

ቤዛ ገብታ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች።

"ወዴት ነው?"

"ወልቂጤ። ሴቶቹ ሳይመጡ ልሂድ፣ እማማ። ሱራፌል ያገሩን ልጅ ቢያገባ ይሻለው ነበር ይላሉ።"

እውነቷን ነው፤ ይላሉ። ጎረቤቶቼን አውቃቸዋለሁ። ብትሄድ ደግሞ ዳግመኛ እዚህ ግቢ እንደማትረግጥ ገባኝና ደነገጥኩ። ይቅርታ ማለት ግን አይሆንልኝም። "ነይ፣ መጀመሪያ የተበላሸውን እናንሳው" አልኳት።

ጎን ለጎን ተቀምጠን የሻገተውን መፋቅ ያዝን።

"የሚያናድደኝ ይህንኑ የማስተምር ሰው መሆኔ ነው" አለች። "ድሮ፣ ምድር ገና ልጅ ሳለች፣ ኦክስጅን የሚባለው አየር አልነበረም። በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ግን ነበሩ። አንዳንዶቹ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራት ቻሉ፤ ቀድሞ ድኝ ያለበትን ጋዝ እየተጠቀሙ፣ ኋላ ደግሞ አረንጓዴ የሆኑት ውሃን እየሰነጠቁ። ከውሃው የተረፈው ኦክስጅን ዓለሙን ሞላ። ለሌሎቹ ግን መርዝ ሆነባቸው። ብዙዎቹ አለቁ፤ የተረፉት አየር የማይደርስበት ገቡ፣ ጭቃ ውስጥ፣ የላም ሆድ ውስጥ። ቆጮውን የሚያቦኩትም ታፍነው መሥራት ይወዳሉ። እኔ አየር ለቀቅኩባቸው።"

"አረንጓዴዎቹስ የት ደረሱ?"

"አንዷን ሌላ ትልቅ ነፍስ ዋጠቻት። ግን አልፈጨቻትም። የተዋጠችው እዚያው ውስጧ ኖረች፤ ከብርሃን እየሠራች መገበቻት። ይኸ የእንሰት ቅጠል አረንጓዴ የሆነው በሷ ዘር ነው።"

"ባዕዷ ናት በያ ቤቱን የምታበላው" አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አንጀቴን በላችው። ትኩስ ቅጠል ቆርጠን አለበስነው፤ ድንጋዩን አብረን ጫንን። ሻንጣውን እኔው ራሴ መልሼ አልጋ ሥር ከተትኩት።

ሴቶቹ ቆጮ ሊያወጡ ተሰብስበው መጡ። አንደኛዋ ጉድጓዱን ገለጥ አድርጋ ፊቱ የተፋቀውን አየች። "ማነው ይህን ከፍቶ የተወው?" አለችና ዓይኗን ቤዛ ላይ ጣለች። ቤዛ አንገቷን ደፋች።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ከፍቼ ረስቼው ቡታጅራ ሄድኩ።"

ሳቁብኝ። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ከገባሁ ወዲህ በቆጮ ተስቆብኝ አያውቅም። "አንቺ መሰለች፣ አረጀሽ በቃ" አሉኝ።

"አርጅቻለሁ እንጂ" አልኳቸው። "ከእንግዲህ ጉድጓዱ የልጄ የቤዛ ነው። ቆጮ የፈለገች እሷን ትጠይቅ።"